የግራሩ ሥር አስጠኚ

ሊሻን ኦይታ «መምህርት» የሚል ስም የወጣላት አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው። ፈተና በደረሰ ቁጥር የውሃ ምህንድስና ተማሪዎች ከሴቶቹ ዶርም ፊት ለፊት ካለው ግራር ሥር ይሰበሰቡና ይጠብቋታል። እሷም ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ፣ የተጣጠፈ ካርቶን በብብቷ ይዛ ብቅ ትላለች። ካርቶኑን አንጥፋ ትቀመጥና፣

«እስቲ፣ ከየት ጀምሮ ነው ያልገባችሁ?» ትላለች።

«ከመጀመሪያው» ይሏታል።

ትስቅና ከመጀመሪያው ትጀምራለች።

ስታስረዳ ቀመር አታስቀድምም። የአገሯን ዝናብ ነው የምታስቀድመው። አገሯ ከጨንቻ ከተማ ወጣ ብላ ያለች፣ ጉም የማይለያት የሸማኔዎች መንደር ናት። «ውሃ እኛ ዳገት ላይ ቀጭን ሆኖ ይሮጣል፣ ማንም አያቆመውም። ታች ሜዳ ሲያገኝ ግን ይሰፋል፣ ይደክማል፣ የተሸከመውን አፈር ያራግፋል። አባያ ሐይቅ ለምን ቀላ? የእኛን ማሳ ጠጥቶ ነው» ትላለች። ከዚያ በኋላ ቀመሩን በእንጨት አፈር ላይ ስትጭረው ለሁሉም ይገባል። አንድ ወር ሙሉ ሲሸመድዱ የከረሙት ሳይቀሩ «ይቺን ነበር እንዴ እንዲህ ያካበዷት?» ይላሉ።

ከሁሉም የምትቀርባት ብሩክታዊት ናት። አምስቱንም ዓመት አንድ ዶርም ውስጥ አንድ ተደራራቢ አልጋ ተጋርተዋል፤ ሊሻን ላይ፣ ብሩክታዊት ታች። የብሩክታዊት አባት ከጎጃም በዝውውር መጥተው ጡረታ ከወጡም በኋላ ሴቻ ሰፈር የቀሩ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። ቤታቸው ከግቢው በባጃጅ ሩብ ሰዓት ቢሆንም ልጅቱ ዶርም ማደር ትመርጣለች። «ቤት ከሄድኩ እተኛለሁ፣ ሊሻን ካለችበት ግን እፍረት ያስጠናኛል» ትላለች። ሰው ወዳድ፣ ሳቂታ፣ ትምህርት ላይ ግን ሰነፍ ቢጤ ነበረች፤ እሷም አትክደውም።

ሊሻን የምትደብቀውን ነገር የምታውቀውም ብሩክታዊት ብቻ ናት።

ነገሩ የጀመረው አራተኛ ዓመት ላይ ነው። አንድ የፈተና ጠዋት ሊሻን ወረቀቱን ስትገልጠው ራሷ ባዶ ሆነ። እንደ ድካም፣ እንደ እንቅልፍ ያለ አልነበረም፤ አንድ ሰው በሩን ከውስጥ ቀርቅሮ ቁልፉን ይዞ የሄደ ነው የመሰላት። ያን ጊዜ «በደንብ ስላላጠናሁት ነው» ብላ አለፈችው። በሚቀጥለው ፈተና ግን ደገማት። ከዚያ ወዲህ ያለፈችው በፕሮጀክትና በቤት ሥራ ውጤት እየተደጎመች ነው። ሰው ግን የጓደኛውን ግሬድ አይጠይቅም፤ በተለይ ያስጠናውን ሰው «አንቺስ ስንት አመጣሽ?» የሚል የለም። ከፍተኛ እንደሆነ ሁሉም ያውቃላ!

የአምስተኛው ዓመት ማጠቃለያ ፈተና ግንቦት መጨረሻ ላይ ገባ። ሙቀቱ ከቆርቆሮው ሥር እያፈነ፣ ግቢው እንዳለ ወደ ላይብረሪ ተሰደደ። ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ወንበር ያልያዘ ቀኑን ሙሉ ደረጃ ላይ ነው የሚውለው። ወንበር የሚያዘው ሃንድአውት በማስቀመጥ ነው፤ አንድ ጠዋት ታዲያ ጦጣ በመስኮት ገብታ፣ አንዱ ከሃንድአውቱ ላይ ያስቀመጠውን ዳቦ ከነወረቀቱ ይዛ ዛፍ ላይ ወጣች። ዳቦውን በልታ ስትጨርስ ወረቀቱን ገልበጥ፣ ገልበጥ አደረገችው። «እሷም ተመራቂ ናት፣ አትረብሿት!» አለ አንዱ። ሊሻን ሆዷን ይዛ ሳቀች። በዚያ ሳምንት የሳቀችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት ፈተና ክፍል ገቡ። ፈታኙ «ጀምሩ» አለ። ሊሻን ወረቀቱን ገለጠች። የመጀመሪያው ጥያቄ የውሃ ቦይ ቁልቁለቱ ሲቀየር ፍሰቱ ምን እንደሚሆን ይጠይቃል። ትናንት ከግራሩ ሥር ለአሥራ አንድ ሰው ያስረዳችው ነው፤ ለሁለቱ እንዲያውም ደግማላቸዋለች። አነበበችው። እንደገና አነበበችው። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ይታዩዋታል፣ ተያይዘው ግን ቃል አልሆን አሏት። የጣሪያው ማራገቢያ ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ገብቶ ይጮህ ጀመር። መዳፏ አልቦት ወረቀቱ ረጠበ። ከጎኗ የብሩክታዊት እስክሪብቶ ወረቀቱን ሳያቋርጥ ይጭራል፤ የምትጽፈው ምን እንደሆነ ሊሻን ሳታይ ታውቀዋለች፤ የራሷ ቃል ነው። ስሟንና የመታወቂያ ቁጥሯን ጻፈች። ስሟን ትክክል መጻፏን ሦስት ጊዜ አየች። ሰዓቱ አለቀ።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን ከወጣች በኋላ የመጣው ነው። ቧንቧው አጠገብ ቆማ ፊቷን ስትታጠብ መልሱ ሁሉ፣ መስመር በመስመር፣ ቁጥሩ ሳይቀር መጣላት። ውሃው በእጇ ላይ እየፈሰሰ እዚያው ቆማ አለቀሰች።

በማግስቱ የትምህርቱ መምህር ጌታነህ ቢሮው አስጠራት። ወጣት ነው፤ ተማሪ ላይ የማይጮህ፣ ወረቀት ቶሎ የሚያርም ሰው ነው። የእሷ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

«ሊሻን፣ ባዶ ወረቀት ነው ያስረከብሽው።»

«አውቃለሁ፣ ቲቸር።»

«ታመሽ ነበር?»

«አልታመምኩም።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?»

ምን ብላ ትንገረው? «አሁን ይጠይቁኝ» አለችው።

ጌታነህ ወረቀቱን አነሳና የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበበላት። ሊሻን እንደቆመች መለሰች። መልሱን ብቻ አይደለም፤ ጥያቄው ውስጥ የቦዩ ስፋት ስላልተሰጠ ሁለት ዓይነት መልስ ሊኖረው እንደሚችልም ነገረችው። ሁለተኛውን ጠየቃት፤ መለሰች። ሦስተኛውን ጀምሮ ተወውና መነጽሩን አወለቀ።

«ይህን እዚህ ላይ ብትጽፊው ኖሮ ከክፍሉ አንደኛ ነበርሽ።»

«እዚያ ስቀመጥ ይጠፋብኛል።»

«ይገባኛል። ግን እኔ ማርክ የምሰጠው ለወረቀቱ ነው። ‹በቃሏ መልሳለች› ብዬ ብሞላልሽ ነገ በሬ ላይ መቶ ሰው ይሰለፋል።» ወረቀቱን አጠፈው። «ፕሮጀክትሽ ጥሩ ስለሆነ ኮርሱን አትወድቂም፣ ታልፊያለሽ። እኔን ያስፈራኝ የመውጫ ፈተናው ነው። እዚያ ፕሮጀክት የለም፤ አንድ ኮምፒውተርና መቶ ጥያቄ ነው።»

የመውጫ ፈተናውን ያላለፈ ሰው አምስት ዓመት ቢማርም ዲግሪ አይሰጠውም፤ ይህንን የማያውቅ ተማሪ የለም።

«ከፈተናው በፊት ውሃ ጠጪ። በረጅሙ ተንፍሺ» አላት ጌታነህ። ምክሩ ትንሽ መሆኑን ራሱም አውቆታል መሰል፣ በር ድረስ ሸኛት።

ቅዳሜ አባቷ ጋቢ ሊሸጡ ወደ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ ወረዱ። ገበያ ሲወርዱ ሳያይዋት አይመለሱም። ሊሻን መነኸሪያው አጠገብ ካለው ሻይ ቤት ስትደርስ፣ ኦይታ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ የፀሐዩን ኃይል እየረገሙ ነበር። ደገኛ ናቸውና አርባ ምንጭ ያቃጥላቸዋል።

በጋሞኛ ተጨዋወቱ። እናቷ ደህና ናቸው። ጎረቤታቸው ኤርጫፎ በሬ ሞቶበታል። ገብሱ መልካም ነው። ከዚያ አባቷ ወንበራቸውን ሳብ አደረጉ።

«ምርቃቱ መቼ ነው? ቀኑን በትክክል ንገሪኝ። ሚኒባሷን ይዣታለሁ፣ አሥራ አራት ሰው ነን። ቄሱም እመጣለሁ ብለዋል። የእድሩ ዳኛ አዲስ ሱሪ አሰፍቷል።»

«አባ፣ ገና ፈተና አለብን። የመጨረሻው ትልቁ ፈተና ይቀራል።»

«እሱማ ይቀራል።»

«ባላልፍስ?»

ኦይታ ሳቁ። የፊት ጥርሳቸው አንዱ የለም፤ ሲስቁ እንደ ልጅ ይሆናሉ። «አንቺ? አንቺ ካላለፍሽ ማን ሊያልፍ ነው?» አሉና ሻይ ወደምትቀዳው ሴት ዞረው በአማርኛ፣ «ይሄ ልጄ ነው። ኢንጂነር ነው። ዘንድሮ ይጨርሳል» አሏት። በኦይታ አማርኛ ሴቱም ወንዱም አንድ ነው።

ሴትየዋ «እንኳን ደስ አለዎት፣ አባባ» አለቻቸው።

ሊሻን ጉሮሮዋ ድረስ የመጣውን ቃል በሻይ አወራረደችው። መንገር የነበረባት ያን ጊዜ እንደሆነ አውቃለች። ግን አሥራ አራቱን ሰዎች፣ አዲሱን ሱሪ፣ የአባቷን ሳቅ በአንድ ጊዜ ገፍታ መጣል አቃታት። ቆጮውን ተቀበለች፣ ጉልበታቸውን ስማ ሸኘቻቸው። ሚኒባሱ አቀበቱን ሲይዝ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው እያውለበለቡ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት እህል ውሃ አላሰኛትም። ከግራሩ ሥር መውጣቷን ግን አልተወችም፤ ሲያስረዱ መዋል ብቻ ነበር ፍርሃቱን የሚያስረሳት። ብሩክታዊት አንድ ቀን ከካርቶኑ ላይ ጎትታ አስነሳቻት። «በቃ! እኛን ማስጠናቱን ተይና ራስሽን አሳርፊ።» ሊሻን ግን፣ «ስናገር እኮ ነው ማወቄን የማምነው፣ ተይኝ» አለቻት። ብሩክታዊት እጇን ለቃ፣ አብራት ካርቶኑ ላይ ተቀመጠች።

የመውጫ ፈተናው ዕለት ሊሻን ውሃ ጠጣች። በረጅሙ ተነፈሰች። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ የይለፍ ቃሏን አስገባች፣ አንደኛው ጥያቄ መጣ። ገባት። መለሰችው። ሁለተኛውም ገባት። አሥረኛው ላይ ስትደርስ ልቧ በደስታ ይመታ ጀመር፤ ሃያኛው ላይ «ተፈታልኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች በሆዷ። ለአንድ ዓመት ያላየችውን ራሷን መልሳ አገኘች፤ ያቺ ከካርቶኑ ላይ የምትቀመጠዋ ልጅ ስክሪኑ ፊት ተቀምጣ ጥያቄውን እንደ በቆሎ ትፈለፍላለች።

ሃያ ሦስተኛው ላይ ሁለት መልስ ትክክል መሰላት። አመነታች። ስታመነታ ዓይኗ ከስክሪኑ ጥግ ወደ ኋላ የሚቆጥረው ሰዓት ላይ አረፈ። ሰከንዶቹ ሲያልቁ አየቻቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ሲያልቁ። ከሰዓቱ ላይ ዓይኗን ለመንቀል ሞከረች፣ አልነቀል አላት። ወደ ጥያቄው ስትመለስ ፊደሎቹ ተለያይተዋል።

ጣቷ የደረሰበትን እየነካች ሄደች። ያልነካችውም ብዙ ነው። ኮምፒውተሩ በራሱ ጊዜ «ፈተናዎ ተጠናቋል» አለና ተዘጋ።

ውጤቱ በሳምንቱ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ የተማሪዎቹ ላውንጅ ከዳር እስከ ዳር ስልኩ ላይ ያጎነበሰ ሰው ሞልቶታል። አንዱ ይጮሃል፣ አንዱ ይዘላል፣ አንዱ ጥግ ይዞ ዝም ይላል። ብሩክታዊት ቁጥሯን አስገባች። ስልሳ ስምንት። ጮኸች፣ ሊሻን አንገት ላይ ተጠመጠመች፣ «አንቺ ነሽ! አንቺ ነሽ ያሳለፍሽኝ!» አለች። ከዚያ የሊሻንን ቁጥር በራሷ እጅ አስገባች፤ ደስታው ሁለት እንዲሆን ቸኩላ ነው።

አርባ አንድ።

ማለፊያው ሃምሳ ነው። ብሩክታዊት ስልኩን ደግማ አየችው፣ ገጹን ዘግታ ከፈተችው። ያው ነው። ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ ወዴት እንደሚሄድ ጠፍቶት ቆመ።

«ሊሹ…» አለች።

«እንኳን ደስ አለሽ» አለቻት ሊሻን። ከልቧ ነበር፤ ግን ድምጿ የሌላ ሰው ድምፅ ሆኖ ተሰማት።

ከግራሩ ሥር ከተማሩት አሥራ አንድ ልጆች ዘጠኙ አልፈዋል። እየሮጡ መጥተው ከበቧት። «መምህርት፣ ውለታሽን በምን እንከፍላለን! አንቺስ? ስንት አመጣሽ?» አሏት። «ሲስተሙ የእሷን ገና አላወጣላትም» አለች ብሩክታዊት ፈጥና። ልጆቹ «አይ፣ የአንቺማ ያስጨንቃል እንዴ!» ብለው እየሳቁ ሄዱ። ሁለቱ ጓደኛሞች ተያዩ። ብሩክታዊት ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የጀመረችው፤ ሊሻን ግን እንባ አልመጣላትም።

የምርቃት ልብስ በሚታደልበት ቀን ሊሻን ፍራሿንና ቁልፏን አስረክባ ክሊራንስ ጨረሰች። ለብሩክታዊት አልነገረቻትም። ሲቀላ ወርዳ ወደ ጨንቻ የሚወጣ ሚኒባስ ተሳፈረች። ከተራራው ላይ አባያና ጎረቤቱ ሐይቅ ወለል ብለው ይታያሉ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ወደዚያ ያያል። እሷ ከፊቷ ያለውን የወንበር ጀርባ እያየች ወጣች።

ቤት ስትደርስ አባቷ ሸማ ከሚሸምኑበት ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጠው መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ያመላልሱ ነበር። ሻንጣዋን ሲያዩ እጃቸው ቆመ።

«ምነው፣ ምርቃቱ ገና ከሦስት ቀን በኋላ አይደለም እንዴ? እኛ ነን እኮ የምንመጣው።»

«አላለፍኩም፣ አባ።»

«ምኑን?»

«ትልቁን ፈተና። ወደቅሁ። አልመረቅም።»

ኦይታ ከጉድጓዱ አልተነሱም። «ትምህርቱን አታውቂውም ማለት ነው?»

«አውቀዋለሁ።»

«በደንብ ታውቂዋለሽ?»

«በደንብ አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ንገሪያቸዋ!»

«በአፍ አይጠይቁም፣ አባ።»

«እኔ ልሂድና ልንገራቸው። ሰው ናቸው አይደል? ‹ልጄ ታውቀዋለች› ልበላቸው።»

ሊሻን እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። ብሩክታዊት ፊት ያልመጣው እንባ አሁን ግንፍል ብሎ መጣ። ኦይታ መወርወሪያውን አስቀመጡ፣ ባርኔጣቸውን አጠለቁና ወጡ። ዝናብ ጀምሯል። አሥራ አራት ሰው ለምርቃቱ ተሰናድቷልና የየሰዉን ደጅ እየረገጡ ሊያስቀሩ መሄዳቸው ነበር። ሊሻን በበሩ ክፍተት አየቻቸው። ኤርጫፎ ደጅ ቆሙ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ አንገታቸውን ደፍተው ጥቂት ተናገሩ፤ ቀጥሎ ወዳለው አጥር አለፉ። የቄሱ ደጅ ሲደርሱ ረጅም ጊዜ ቆዩ። ሲመለሱ ልብሳቸው በስብሶ ነበር። ጉድጓዳቸው ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። ግን አልሠሩም።

እናቷ ወርቂቱ የታያቸው ሌላ ነው። «ዓይነ ጥላ ነው» አሉ ቁርጥ አድርገው። «የሚያውቅ ሰው እንዴት ይረሳል? ዓይነ ጥላ ነው የሚጋርዳት።» ሰባት ጠዋት ጸበል ወሰዷት። የጨንቻ ብርድ ሐምሌ ላይ አጥንት ይሰብራል፤ ሊሻን በነጠላ ተጠቅልላ እየተንቀጠቀጠች ከጸበሉ ሥር ቆመች። ማመን ፈለገች። እውነትም ዓይነ ጥላ በሆነ ብላ ተመኘች፤ ከውጭ የመጣ ነገር ከሆነ ከውጭ ይነቀላል። ክፉው ሐሳብ፣ ነገሩ የራሷ መሆኑ ነበር፣ ሌላ ማንም የሌለበት፣ እሷው በሩን ዘግታ እሷው የምታንኳኳ መሆኗ። ቄሱ ውሃውን ሲያፈሱባት ጮኸች። ሰው ሁሉ «ወጣላት» አለ። እሷ የጮኸችው ስለበረዳት ነው።

ድጋሚ ፈተናው ጥር ላይ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ገብስ ስታጭድ፣ እናቷን ጥጥ በመፍተል ስታግዝ፣ የምታውቀውን ሁሉ ለራሷ በቃሏ ስትነግር ከረመች። ብሩክታዊት መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ በኋላ በየወሩ ትደውል ነበር፤ ሥራ ይዛ አዋሳ ሄዳለች። ሊሻን መጀመሪያ ታነሳላት ነበር።

ጥር ላይ ብቻዋን ወርዳ ተፈተነች። ስለዚያ ቀን ለማንም አውርታ አታውቅም። የተናገረችው፣ ሰዓቱ አሁንም ከስክሪኑ ጥግ እንደነበር ብቻ ነው። እዚያው ሰንብታ ውጤቱን በሳምንቱ ሲቀላ፣ የመነኸሪያውን ግንብ ተደግፋ አየችው። አርባ ስድስት።

አመሻሹ ላይ ቤት ስትገባ ማንም አልጠየቃትም። አባቷ ከደጅ ተቀብለው ሻንጣዋን ያዙላት፣ እናቷ ከእሳቱ ዳር ቦታ ለቀቁላት። ያቀረቡላትን ቀመሰችና መልሳ አስቀመጠችው።

አባቷ፣ «ሌላ ጊዜ አለው?» አሉ።

«ሰኔ ላይ።»

«ትሄጃለሽ?»

«አላውቅም፣ አባ።»

ኦይታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሺ ይሁን እምቢ አይታወቅም። ጉሙ ወደ ቤት እየገባ ነበርና ተነስተው በሩን ዘጉት።